ደክሞት ነበር

«ፍሬኑ ነው» አለ ሾፌሩ፣ ገና ወንበሩ ላይ በቅጡ ላልተደላደለ ለቅሶ ደራሽ። «እኔ ነኝ ያስተማርኩት። መሪ አያያዙን፣ ማርሽ አቀያየሩን፣ ዳገት ላይ እንዴት እንደሚነሳ፣ ሁሉንም። የኔ ልጅ ቀጥ ባለ መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቆመ መኪና ጋር አይላተምም። ፍሬኑ ከድቶት ነው።»

እንግዳው የሰፈሩ ባለሱቅ ነው። አንገቱን ደፍቶ «ይሆናል፣ ይሆናል» አለ። ሌላ ምን ይበል? ሾፌሩ ይህንኑ ለጎረቤቱም፣ ለድሮ ባልደረቦቹም፣ ወተት ለሚያመላልሰው ሰውዬም ነግሯል። ሰው በገባ ቁጥር «እግዜር ያጥናችሁ» የሚለው ቃል ከአፍ ወጥቶ ሳያልቅ እሱ ፍሬኑን ይጀምራል። ያን ረጅም የጭነት መኪና ከነተሳቢው ለሌላ አስረክቦ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ሰው ግን አሁንም ሾፌሩ ነው የሚለው። እሱም ሌላ መጠሪያ ፈልጎ አያውቅም።

እናትየው ጥግ ላይ ከተነጠፈው ፍራሽ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ትሰማዋለች። ጆሮዋ ለጉድ ነው። ዕድሜዋን በስልክ ቤት፣ ማዳመጫ ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ፣ ሰውን ከሰው እያገናኘች፣ በብዙ ድምፅ መሃል አንዱን እየለየች የኖረች ሴት ናት። አሁንም ወንበር ሲጎተት፣ ብርጭቆ ሲንቃጨል፣ የባሏ ታላቅ እህት በረንዳው ላይ ቆመው ሲያዝዙ፣ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ሥር ከወጥ ቤት የሚመጣውን ሹክሹክታ ለይታ ሰማች።

«ተኝቶ ነው አሉ እኮ።»

«ምን?»

«መሪ ላይ። እንቅልፍ ወስዶት። ትራፊክ ፖሊሱ ለባሌ ነግሮታል።»

«ውይ! ቀስ በይ፣ እናቱ ትሰማሻለች።»

«ከዚህ ሆኜ የት ትሰማኛለች?»

እናትየው ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። እሷ ይህን ለማወቅ ትራፊክ ፖሊስ አላስፈለጋትም። መርዶው የመጣ ዕለት፣ በር ላይ የቆሙት ሰዎች «መኪና ተጋጭቶ…» ብለው ሳይጨርሱ፣ ሆዷ «ተኝቶ ነው» ብሏታል።

«አንቺ፣ አልቅሺ እንጂ!» አሉ የባሏ እህት እየገቡ። እትዬ ነው የምትላቸው። ለቅሶው ከተጀመረ ጀምሮ ቤቱን ተረክበውታል፤ ወንበር የሚለምኑት እሳቸው፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስኑት እሳቸው፣ ማን በቅጡ እንዳለቀሰና ማን ለይስሙላ እንዳለቀሰ የሚያውቁት እሳቸው። «ሰው ምን ይላል? ከቀብር ከተመለስሽ ጀምሮ ጠብ ያለ እንባ የለም። ያፍንሻል፣ ኋላ እኛው ነን የምንቸገረው።»

«እሺ እትዬ» አለች። እንባው ግን አልመጣም።

*

ልጃቸው ቀዶ ሐኪም ለመሆን የሚሰለጥን ነበር። ሐኪምነቱንማ ጨርሶ፣ ጋዋን ለብሶ፣ «ዶክተር» ተብሎ ሰንብቷል፤ ይህኛው ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት ነው። ትምህርት ይባል እንጂ ከሥራም ሥራ ነው። ቀን ይሠራል፣ ሌሊት ተረኛ ይሆናል፣ በማግስቱ ደግሞ «እስክትጨርስ» ተብሎ ይውላል። የሚጨርሰው ነገር መቼም አያልቅም።

ያንን ከጀመረ ወዲህ ያልተኛበት ቦታ አልነበረም። አንድ እግሩን ካልሲ አድርጎ፣ ሌላውን ካልሲ በእጁ እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ተኝቶ አግኝታዋለች። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውሃው ሲፈስ ሲፈስ ጊዜ ቢነጉድባት በሩን አንኳኩታ፣ አንኳኩታ፣ በመጨረሻ ሾፌሩ በትከሻው ገፍቶ ሲከፍተው፣ ልጁ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ እያንኮራፋ ነበር። ያን ዕለት ቤተሰቡ በሳቅ ፈረሰ። «እንደ ፈረስ ቆሞ የሚተኛ ዶክተር!» ይል ነበር ሾፌሩ፣ ለሰው ሁሉ እያወራ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከሥራው ቦታ ደወለላት። «እማዬ፣ ዛሬ አንዲት እናት ከነልጇ…» አለና ዝም አለ። «ከነልጇ ምን?» አለች። መልስ የለም። ቀጥሎ የመጣው ትንፋሹ ነበር። ረጅም፣ ከባድ፣ እንደ ሕፃንነቱ መጨረሻው ላይ ፉጨት ያለው። ስልኩን አልዘጋችም። በሥራ ዘመኗ ሰው ተነጋግሮ ሲያበቃ መስመሩን ነቅላ ለሌላ መስጠት ግዴታዋ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች፣ ወጡ እስኪያርር፣ ልጇ ሲተኛ አዳመጠች። በኋላ አንድ ሰው ከወዲያ ማዶ ስሙን ሲጠራ ተሰማ። ትንፋሹ ተቋረጠ። «መጣሁ፣ መጣሁ» አለ። እናቱን መስመር ላይ ትቷት እንደነበረ እንኳ አላስታወሰም።

ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው። ሐኪም ከሆነም በኋላ ማሙሽ ነው። እባክሽ እማዬ፣ ቢያንስ ሥራ ቦታዬ እንዳትይኝ ብሎ ለምኗት ነበር። እሷ ግን አንድ ቀን ምሳ ቋጥራ ይዛ ስትሄድ፣ ረጅሙ ኮሪደር ጫፍ ላይ ከአስተማሪዎቹና ከነርሶቹ ጋር ሲያልፍ አየችውና አፏ አምልጧት «ማሙሽ!» አለች። በስልክ ቤት ድምፅ፣ ጥርት ባለ። ኮሪደሩ በሙሉ ዞሮ አያት። ከዚያ ወዲያ ሆስፒታሉ ውስጥ ስሙ ዶክተር ማሙሽ ሆኖ ቀረ። በሽተኞቹ ሳይቀሩ። ሳምንት ሙሉ አኩርፏት ነበር፤ ሳቁ እያመለጠው።

*

ከሰዓት በኋላ የሆስፒታሉ ኃላፊ መጣ። አብረውት ጥቁር የለበሱ ሰዎች ነበሩ። እትዬ ደህና ደህናዎቹን ወንበሮች ከሌላው እንግዳ ሥር ሳብ ሳብ አድርገው አስቀመጧቸው።  ሾፌሩ ኮቱን አስተካክሎ ቆመ።

ኃላፊው ረጅም፣ የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱ ላይ የሰፋው ሰው ነበር። ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ መልሶ ከተተና መናገር ጀመረ።

«ይህ ወጣት ለእኛ ባልደረባ ብቻ አልነበረም። ምሳሌያችን ነበር። ድካም የማያውቅ፣ ሌት ተቀን ከበሽተኛው አጠገብ የማይለይ። አንድ ቀን ‹አይ፣ ዛሬስ አልችልም› ሲል ሰምቼው አላውቅም። ለሙያው የተሰዋ ጀግና ነው። አዲሱን የማስተማሪያ አዳራሽ በስሙ ልንሰይምለት አስበናል።»

«ተባረክ» አሉ እትዬ። ሾፌሩ ደረቱን ነፋ። «የኔ ልጅ…» አለ ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «የኔ ልጅ ደከመኝ አያውቅም። ወንድ ነበር። እኔ ነኝ ያሳደግኩት።»

«ደክሞት ነበር።»

ማን እንደተናገረ ለማወቅ ሰው ሁሉ ዞር ዞር አለ። እናትየው ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ነበረች።

«ምን አሉኝ እናቴ?» አለ ኃላፊው ጎንበስ ብሎ።

«ደክሞት ነበር ነው የምልዎ። ድካም የማያውቅ አሉ። ያውቅ ነበር። ልጄ ደክሞት ነበር።»

«አንቺ ሴት!» አለ ሾፌሩ። «ሰው ሊያከብረን መጥቶ…»

«አላዋረድኳቸውም። እውነት እንዳይመስላቸው ብዬ ነው። እዚያ አዳራሽ የሚማሩት ልጆች ድካም የማያውቅ ሰው ነበረ ተብሎ እንዳይነገራቸው።»

ኃላፊው መልሶ ተቀመጠ። አብረውት የመጡት ሰዎች ወለሉን ያያሉ። ሲናገር ድምፁ ቅድም ንግግር ሲያደርግ እንደነበረው አልነበረም። ከሷ ጋር ብቻ የሚያወራ ይመስል ነበር።

«አውቃለሁ» አለ። «የሚተካው ልጅ ታሞ ቀረ። ሌላ ሰው አልነበረኝም። ከሱ ጋር ከጀመሩት ግማሾቹ ጥለውን ሄደዋል፤ ያሉትን ነው የማደራርበው። እባክህ ዛሬንም ዋልልኝ አልኩት። እሺ አለኝ። ሁልጊዜ እሺ ነው የሚለኝ።»

«እሺ የሚል ሰው አይደክመውም?»

 ኃላፊው መሐረቡን እንደገና አወጣ፤ አሁን ግን ተጠቀመበት። ሲወጣ ሾፌሩን በሁለት እጁ ጨበጠው፤ እናትየው ዘንድ ሄዶ ደግሞ እጁን ሊዘረጋ ብሎ ተወውና ዝቅ ብሎ እጅ ነሳት። በቅርብ ስታየው የዓይኖቹ ሥር ጠቁሯል። ይኼም ሰውዬ እንቅልፍ ካየ ቆይቷል ስትል አሰበች። ሆዷ ሊራራለት ፈለገ፤ ከለከለችው።

እንግዶቹ ሲወጡ እትዬ ወገባቸውን ይዘው መጡ። «ምን ነካሽ? የተከበረ ሰው መጥቶ፣ አዳራሽ በስሙ ሊሰይም! ስሙን እንኳ ልታጠፊ?»

 ሾፌሩ ያን ቀን ሙሉ አላናገራትም። ማታ ለመጡትም «ፍሬኑ ነው» እያለ አደረ፤ ድምፁ ግን ከፍ ከፍ እያለ ሄዶ ነበር፣ አንድ ሰው «አይደለም» ብሎ እንደተሟገተው ሁሉ።

*

እሷም አልፈረደችበትም። እሱ ምን እንደሚሸሽ ታውቃለች።

ከአደጋው በፊት በነበረው ወር ማሙሽ አንድ ጠዋት ከተረኛ ወጥቶ መጣ፤ እንደወትሮው ወደ መኝታው አልሄደም። ወጥ ቤት ገብቶ ዱካው ላይ ተቀመጠ። ሾፌሩ ጠረጴዛው ላይ ቁርሱን ይበላል፤ እሷ ሻይ ታፈላለች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ላማክርህ» አለ።

«ንገረኝ።»

«ለአንድ ዓመት ልተወው መሰለኝ። ለጊዜው ነው። ገጠር ክሊኒክ እሠራለሁ፣ ትንሽ እተኛለሁ፣ ከዚያ እመለሳለሁ።»

ሾፌሩ ማኘኩን አቆመ። «ምን ተገኘ?»

«ትናንት ስሰፋ ተኛሁ።» እጁን አየው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። «ዓይኔ ክፍት ነው። ክሩም በእጄ ነው። ግን ተኝቻለሁ። ነርሷ ክርኔን ነካ አድርጋ ‹ዶክተር ማሙሽ› ባትለኝ… ሰውየው አልተጎዳም። ግን አባዬ፣ እኔ እንዲህ ሆኜ ሰው ልገድል እችላለሁ።»

እናትየው የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ልትናገር አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ተወው የኔ ጌታ፣ ልትል ነበር። ሾፌሩ ቀደማት።

«እኔ» አለ፣ ደረቱን በጣቱ እየመታ፣ «ሌሊቱን ሙሉ ነድቼ፣ ጎህ ሲቀድ አራግፌ፣ ያንኑ ቀን ጭኜ የተመለስኩ ሰውዬ ነኝ። አንድ ቀን ሁለት ቀን አይደለም፣ ዕድሜዬን። ደከመኝ ብዬ መሪ ጥዬ ቢሆን አንተ ዛሬ ዶክተር ትባል ነበር? በዚህ ቤት ጀምሮ መተው የለም።»

ማሙሽ አባቱን አየው። ከዚያ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥላት፤ ቅር የተሰኘ ሰው ፈገግታ አልነበረም፣ አንድ ትልቅ ሰው ሕፃንን ሲያባብል እንደሚያሳየው ያለ ነበር።

«እሺ አባዬ» አለ።

ሻዩን ቀዳችለት። ሳይቀምሰው እጁን ትራስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ተኛ። ሾፌሩ ድምፅ ሳያሰማ ተነስቶ ሳህኑን ይዞ ወጣ። ስለዚያ ጠዋት ዳግመኛ ማንም አላነሳም።

*

በማግስቱ ሾፌሩ ጠዋት ተነስቶ ጠፋ። ለቅሶ ደራሽ ይመጣል፣ የሟች አባት የለም። እትዬ ለአንዱ «ትንሽ አመም አድርጎት ነው» ይላሉ፣ ለሌላው «ጉዳይ ቢጤ አለበት» ይላሉ። ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች ግን ያውቁታል። መካኒክ ጓደኛውን ይዞ፣ የተጨፈለቀችው ትንሽ መኪና ወደቆመችበት የትራፊክ ግቢ ሄዷል።

እናትየው አንድ ሁለት ጊዜ ወደ በሩ አየች። ከቀትር በኋላ የጓሮው የብረት በር ሲጢጥ ሲል ሰማች። ሌላ ማንም አልሰማም። ተነሳች፤ እትዬ «ወዴት?» ቢሏት «ልታጠብ» አለች።

ሾፌሩ ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብሎ እጁን ይታጠባል። እስከ ክንዱ ግራሶ ነው። ያሻል፣ ያጥባል፣ መልሶ ያሻል። ጥቁር ኮቱ ጉልበቱ ላይ ተጠቅልሏል። ሳሙናውን አቀበለችው። ቀና ብሎ አላያትም።

«ፍሬኑ ደህና ነው» አለ።

ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ጎማውን ፈትተን አየነው። የፍሬኑ ሸራ አዲስ ነው፤ ራሴ ነኝ ያስቀየርኩት። ዘይቱ ሙሉ ነው። ከዚያ ቦታው ድረስ ሄድን። መንገዱ ላይ የጎማ ምልክት የለም። አንድ ጭረት እንኳ የለም። ሰው ቢደነግጥ ፍሬኑን ይረግጠዋል አይደል? ውሻ እንኳ ቢገባብህ ፍሬን ትረግጣለህ። እሱ አልረገጠውም። እግሩ አልተነሳም።»

ውሃው ይፈሳል። ሳሙናው ከእጁ አመለጠ፤ አላነሳውም።

«እኔኮ ተኝቻለሁ» አለ ድንገት። «ያ ሌሊቱን ሙሉ ነዳሁ የምለው ወሬ… መቼ ነው ሌሊቱን ሙሉ የነዳሁት? ዓይኔ ሲከብደኝ ዳር እይዛለሁ። ከጎማው ሥር ድንጋይ አደርጋለሁ። ከተሳቢው ሥር ገብቼ ኮቴን ደርቤ ለጥ። ባለንብረቱ ቢጮህ ይጩህ። የጫንኩት ሲሚንቶ ነው፣ ሲሚንቶ ምን ይሆናል? አይሞት፣ አይደማ። ስነቃ እነሳና እቀጥላለሁ።» ቀና አለ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። «እሱ ግን የት ዳር ይያዝ? ሰውየው ሆዱ ተከፍቶ ተጋድሞ፣ የት ዳር ይዞ ይቁም? ዳር ልያዝ ብሎ ወደኔ መጣ። እኔ ደግሞ ንዳ አልኩት።»

እናትየው ቧንቧውን ዘጋች። አጠገቡ ቁጢጥ አለች፤ ጉልበቷ ቋ አለ። ማለት የነበረባትን ቃል ፈለገች። «አንተ ምን ታደርግ» ማለት ይቻል ነበር። «እኔም ዝም ብዬ ሻይ ቀዳሁ» ማለትም ይቻል ነበር። የቀሚሷን ጫፍ ወስዳ እጁን አደረቀችለት፣ ጣት በጣት፣ ጥፍሩ ሥር የቀረውን ግራሶ እየጠረገች።

«ግባ» አለችው ሲያበቃ። «ሰው እየጠበቀህ ነው።»

ተነሳ። በዚያ ቀን ለመጣ ሰው ስለ ፍሬን አልተናገረም። «ምን ሆኖ ነው?» ብለው ለጠየቁት «እንቅልፍ ጥሎት ነው» አለ። እትዬ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ስበው ወንድማቸውን አዩት።

*

ፀሐይ ዘንበል ስትል ሐኪሞቹ መጡ። የማሙሽ ባልንጀሮች፣ አብረውት የሚሰለጥኑት። በቀብሩ ቀን የመጡት ጥቂቶቹ ነበሩ፤ ሌሎቹ ተረኛ ነበሩ። አሁን ደግሞ እነዚያ ሆስፒታሉን ይዘው እነዚህ መጥተዋል። በቀጥታ ከሥራ ነው የመጡት፤ የአንዱ ጋዋን ክንዱ ላይ ተጣጥፏል፣ የሌላው ደረት ኪስ ላይ ቀለም ፈስሷል። መግቢያው ላይ ጫማቸውን ሲጠርጉ እንኳ እግራቸውን የሚያነሱት በግድ ነው።

ከመካከላቸው አንዷ፣ ትልቅ መነጽር ያደረገች ቀጭን ልጅ፣ ወደ እናትየው መጥታ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። እጇን ያዘቻት።

«እማማ፣ እኔ ከሱ ጋር ነበር የምሠራው። አንድ ክፍል።»

«አውቅሻለሁ። መነጽራሟ እያለ ያወራልኝ ነበር። አሥሬ መነጽርሽ በሽተኛ ላይ ይወድቃል ብሎ።»

ልጅቷ እየሳቀች አለቀሰች። «አንድ ጊዜ ነው የወደቀው። አጋኖብኝ ነው።»

«ማጋነን ይወድ ነበር።»

«አንዲት ባልቴት አሉን፣ እሱ የሚያክማቸው። አልጋቸው መስኮቱ ሥር ነው። ዶክተር ማሙሽ አጠገቤ ካልቆመ አልቀደድም ብለው አስቸግረውን፣ እሱ ገብቶ እጃቸውን ይዞ ነው ያደነዘዟቸው። ዛሬ ጠዋት የት ሄደ ብለው ጠየቁኝ። መንገሩ አቃተኝ እማማ። እረፍት ወጥቷል አልኳቸው።» መነጽሯን አወለቀች። «‹እሰይ› አሉኝ። ‹እሰይ፣ ይረፍ። ሲያሳዝነኝ ነበር› አሉኝ።»

እናትየው የልጅቷን እጅ አጥብቃ ጨበጠች።  ይረፍ። ሰው ሁሉ ሰሞኑን አረፈ ሲላት ሰንብቷል፤ ቃሉን እንደ ቃል የሰማችው ግን አሁን ነው።

ሻይ መጣ። ልጆቹ ብርጭቆ ብርጭቆ ያዙ። ሾፌሩ መሃላቸው ገብቶ ቁጭ አለ። አንዱ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ልጅ፣ ማሙሽ ስለ አባቱ መኪና የሚያወራውን ወሬ ጀመረለት። «አንድ ቀን ተሳቢው ተፈትቶ ከኋላ ቀርቶ፣ እርስዎ ሳያውቁ ከተማ ገቡ አሉ…» አለ። ሾፌሩ «ውሸት ነው፣ ወዲያው ነው ያወቅኩት!» አለ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሱ ታየ። «ከዚያስ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ።

 ልጁ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል። ብርጭቆው ጉልበቱ ላይ ወደ ጎን አዘንብሏል። ሾፌሩ ሻዩ ከመፍሰሱ በፊት ደርሶ ያዘው።

አጠገቡ ያለው ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አሳርፏል። ሌላኛዋ የጓደኛዋ ትከሻ ላይ ነች። መነጽራሟ ራሷ፣ አሁን ስታወራ የነበረችው፣ የእናትየውን እጅ እንደያዘች ወደ ጎን ተንሸራታ ፍራሹ ላይ ተጋደመች። አንድ በአንድ፣ ተነጋግረው እንዳደረጉት ሁሉ፣ ሳሎኑ ውስጥ ያሉ ሐኪሞች በሙሉ ተኙ። አንዱ ማንኮራፋት ጀመረ።

«ኧረ ጉድ!» አሉ እትዬ ከበሩ። «ለቅሶ ቤት ነው እኮ! ሰው ሲያይ ምን ይላል? ቀስቅሷቸው እንጂ!»

«እትዬ» አለች እናትየው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አንድ ሰው ቢቀሰቅሳቸው እቀየማለሁ።»

እትዬ አዩዋት። ከዚያ ልጆቹን አዩ፤ የጫማዎቻቸውን ጫፍ፣ የተከፈቱ አፎቻቸውን፣ በአንዱ እጅ ላይ የቀረውን የፕላስተር ቅሪት። የእኚያ አዛዥ ሴት ፊት ቀስ ብሎ ተፈታ። ግድግዳውን የተደገፈውን ልጅ ጭንቅላት በአንድ እጃቸው ደግፈው፣ በሌላው የሶፋውን ትራስ ከኋላው ሻጥ አደረጉለት።

በዚህ መሃል ከውጭ የለቅሶ ድምፅ መጣ። ከሩቅ የመጡ የሾፌሩ ዘመዶች ናቸው፤ ገና ከመኪና ሲወርዱ ጀምረውታል፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ። የግቢው በር ተከፈተ። እናትየው እጇን ከመነጽራሟ ጣቶች መሃል በዝግታ መዘዘች፤ ተነስታ በባዶ እግሯ እስከ በረንዳው ሄደች። ዘመዶቹ ሲያዩዋት ለቅሶውን ሊያብሱት እጃቸውን ዘረጉ።

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«እሽሽ» አለች። «ልጆች ተኝተዋል።»

እነሱ ደንግጠው ዝም አሉ። አንዷ አፏን በመዳፏ ያዘች። እናትየው እዚያው ደረጃው ላይ አንድ በአንድ አቀፈቻቸው፤ እነሱም ትከሻዋ ላይ ድምፅ ሳያወጡ አለቀሱ። እሷም አለቀሰች። በመጨረሻ መጣላት፣ ያለ ምንም ድምፅ፣ አገጯ ላይ እየወረደ።

ዓይኗን ጠርጋ ስትመለስ ሳሎኑ ውስጥ ብርሃኑ ተለውጦ ነበር። የምሽቱ ፀሐይ መጋረጃ በሌለው መስኮት ገብታ እስከ ወለሉ ደርሳለች። ሾፌሩ ወንበሩ ላይ የለም። መስኮቱ ፊት፣ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ፣ ሁለት እጁን ክፈፉ ላይ ዘርግቶ ቆሟል። ትከሻዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። ጥላው ሰፊ ትከሻ ያለው ልጅ ፊት ላይ አርፏል፤ ልጁ በዚያ ጥላ ውስጥ እንደተኛ ነው።

ልትጠራው ብላ ተወችው። በሩ ላይ ቆማ አየችው። ፀሐይዋ ወደ ጎን ባለች ቁጥር፣ እሱም ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ይል ነበር።